ዲናሞ ለሌለው መኪና የዲናሞ ዋስትና

ጥያቄው የመጣው ከሰሜን ቨርጂኒያ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ የ2020 ቶዮታ ካምሪ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ) አግኝቻለሁ። 92,000 ማይል ነድቷል። ቀብድ ከፍያለሁ፣ ቅዳሜ ልፈርም ነው። የዲለሩ (የመኪና መሸጫው) ሰውዬ ግን 3,200 ዶላር ጨምርና አራት ዓመት ወይም 48,000 ማይል የሚሸፍን ሰርቪስ ኮንትራት ውሰድ አለኝ። ብድሩ ውስጥ ስለሚገባ በወር 64 ዶላር ብቻ ነው ይላል። ያለሱ ባንኩ ላያጸድቅልህ ይችላልም ብሎኛል። ብድሩ የስድስት ዓመት ነው፣ በ13 ፐርሰንት። በመኪናው ኡበር ልሠራበት ነው፤ በወር እስከ 2,500 ማይል እነዳለሁ። የሚያስፈራኝ የሃይብሪድ ባትሪው ነው። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?»

ይቅርብህ ወንድሜ። ሰርቪስ ኮንትራት፣ ማለትም ወደፊት ለሚመጣ ብልሽት ዛሬ የሚከፈልበት የጥገና ዋስትና፣ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው ማለቴ አይደለም። ለዚህ መኪና፣ ላንተ አነዳድ፣ በዚህ ዋጋ አይሆንም ነው የምልህ።

በመጀመሪያ የባንኩን ነገር እንገላገለው። ሰውዬው «ያለሱ ባንኩ አያጸድቅም» ካለህ፣ እሺ በጽሑፍ ስጠኝ በለው። ወይም ራስህ ባንኩ ጋ ደውለህ ጠይቅ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም የሚመክረው ይህንኑ ነው። በጽሑፍ ስጠኝ ሲባል ብዙዎቹ ወዲያው «አይ፣ ቢኖርህ ይሻላል ለማለት ነው» ይላሉ።

ቀጥሎ ሒሳቡ። «በወር 64 ዶላር ብቻ» የሚለውን እርሳው። 3,200 ዶላር በ13 ፐርሰንት ለ72 ወር ሲከፈል 4,625 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዋስትናው ራሱ ወለድ ይወልዳል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ያንተን አነዳድ አስገባበት። በወር 2,500 ማይል ከነዳህ 48,000ው በ19 ወር ያልቃል። አራት ዓመት የሚለው ወረቀቱ ላይ ያምራል እንጂ ላንተ አይሠራም። ዋስትናው ካለቀ በኋላ ግን ከአራት ዓመት በላይ መክፈልህን ትቀጥላለህ። አንድ ነገር ደግሞ አጣራ። 48,000 ማይል የሚቆጠረው መኪናውን ከተረከብክበት ቀን ነው ወይስ መኪናው አዲስ ከነበረበት ከዜሮ? ከዜሮ የሚቆጥሩም አሉ። እንደዚያ ከሆነ ሳትገዛው አልቋል።

የኡበሩ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ኮንትራቱን አስመጣና «የማይሸፈኑ» የሚለውን ክፍል ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ ከኋላ በኩል በደቃቅ ፊደል ነው። ሰው በክፍያ ማመላለስ፣ ታክሲ፣ ዴሊቨሪ፣ ለንግድ መጠቀም የሚሉ ቃላት እዚያ ካገኘህ ነገሩ አለቀ፤ ከፍለህ ምንም አልገዛህም። ለኡበር ነጂ ተጨማሪ ክፍያ ተቀብለው የሚሸፍኑ ኩባንያዎች አሉ፤ ግን ያ በኮንትራቱ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ሻጩ «እሱ ችግር የለውም፣ ማን ያውቃል» ቢልህ አትስማው። እንዴት እንደሚያውቁ ልንገርህ። መኪናው ሲበላሽ የኩባንያው ኢንስፔክተር ካሜራውን ይዞ ጋራዥ ይመጣል። ማይሉን ያነሳል፣ መስታወቱ ላይ ያለውን የኡበር ምልክት ያነሳል፣ የስልክ ማንጠልጠያውን ያነሳል። የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችህን ጠይቆ በሁለት ቅያሪ መካከል ስንት ወር እንዳለፈ ያያል። በዓመት 30,000 ማይል የነዳ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት ሲያደርስ እንዳልነበር ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ፣ እንቅልፍ የነሳህ እሱ ስለሆነ። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ የሰጠው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። የሚከተለው መኪናውን ነው፤ ባለቤት ሲቀየር አብሮ ያልፋል፣ ክፍያም የለውም። ዓመቱ የሚቆጠረው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። አንተ 92,000 ላይ ነህ፣ ስለዚህ 58,000 ማይል ይቀርሃል። እነሱ የሚሸጡልህ ኮንትራት የሚያበቃው 140,000 ላይ ነው። ገባህ? የፈራኸው ባትሪ ላይ የፋብሪካው ዋስትና ከእነሱ ኮንትራት በኋላም ይቆያል። ዛሬውኑ የቪን ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) ይዘህ አንድ የቶዮታ ዲለር ሰርቪስ ክፍል ደውል። በምን ቀን እንደጀመረ፣ ምን እንደቀረው፣ መኪናው ለኡበር መዋሉ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ጠይቃቸው። በዚያው ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው ጉድለት አግኝቶ መኪናውን ለጥገና የጠራበት) ካለ ይነግሩሃል፤ የሪኮል ሥራ በነፃ ነው።

ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለኤሌክትሪክ ሞተሩ የሚቀይረው ዕቃ) እና የሃይብሪድ ኮምፒውተሮቹ ግን የተሸፈኑት 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው። ያ ላንተ የሦስት ወር ነገር ነው። የሞተርና የካምቢዮው ዋስትና 60,000 ላይ አልቋል። እዚህ ላይ ሰውዬው «ይኸው፣ ክፍተት አለ» ይልሃል። እውነቱን ነው፣ ክፍተት አለ። ጥያቄው የእሱ ወረቀት ክፍተቱን ይሞላል ወይ ነው።

ኮንትራቶቹ ባጭሩ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሚሸፍነውን ዕቃ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ያልተዘረዘረ ዕቃ አይሸፈንም። ሁለተኛው የማይሸፍነውን ይዘረዝርና የቀረውን ሁሉ ይሸፍናል። የሚሻለው ሁለተኛው ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ላገለገሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚሸጠው የመጀመሪያው ነው። ዝርዝሩን ስታየው ረጅም ስለሆነ ደስ ይልሃል፦ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ የመሪ ፖምፕ፣ ቶርክ ኮንቨርተር፣ እያለ ይወርዳል።

ካምሪ ሃይብሪድህ ዲናሞ የለውም። ኮፈኑን ክፈትና እይ፣ የሞተር ቺንጋም የለውም። የውሃ ፖምፑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ሞተሩን የሚያስነሳው ካምቢዮው ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ስለሆነ ሞተሪኖ የሚባል ነገር የለም። መሪውም ኤሌክትሪክ ነው። ካምቢዮው ጥርሶች አሉት እንጂ ቶርክ ኮንቨርተር የለውም፣ እንደ ሌሎቹ ሲቪቲዎች (ማርሽ የማይቀያይሩ ካምቢዮዎች) የሚበላ ቀበቶም የለውም። ስለዚህ ያ ሁሉ ዝርዝር ሲጣራ ግማሹ መኪናህ ላይ የሌለ ዕቃ ነው። እስቲ ኢንቨርተር የሚል ቃል ፈልግበት። የኤሲ ኮምፕረሰርስ? የፍሬኑን ግፊት በኤሌክትሪክ የሚሰጠው የፍሬን አክቹዌተርስ? ለሃይብሪድ ባለቤት ገንዘብ የሚያስወጡት እነዚህ ናቸው። በስም ካልተጠቀሱ ኮንትራቱ የተጻፈው ለቤንዚን መኪና ነው። ሻጩም ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ፋይናንስ ቢሮ ተቀምጦ ኮፈን የሚከፍት ሰው አላየሁም።

የጋራዡን ወገን ደግሞ ልንገርህ፣ ይህን የሚነግርህ ሻጭ የለም። መኪናህ ተበላሽቶ ወደኔ አመጣኸው እንበል። መጀመሪያ ሳልነካው ኩባንያው ጋ መደወል አለብኝ። ሳላስፈቅድ ከከፈትኩት አይከፍሉም። እነሱ ደግሞ ምክንያቱ ምንድነው ይላሉ። ሳልከፍት እንዴት ልወቅ? እንግዲያው ክፈተው፣ ግን የመፍታቱን ዋጋ ባለቤቱ ይፈቅድ ይላሉ። ማለትም ሞተሩ ተፈቶ ብልሽቱ «አይሸፈንም» ከተባለ፣ የመፍታቱንም የመግጠሙንም ሒሳብ የምትከፍለው አንተ ነህ። ውሃ የሚያንጠባጥብ መኪና ግሎ ጋስኬቱ ከተቃጠለ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የሙቀት መብራቱ ከበራ በኋላ ስንት ማይል ነዳው?» ነው። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያሳብቅበት ጊዜ አለ። ቢፈቅዱም የሰዓት ዋጋ ጣሪያ አላቸው፣ ያገለገለ ዕቃ ሊልኩ ይችላሉ፣ መኪናህ በዚህ ሁሉ መሀል ቆሟል። ኡበር የሚሠራ ሰው መኪናው ሳምንት ከቆመ ገቢው ቆመ ማለት ነው። ዲዳክቲብሉንም (ከጥገናው ሒሳብ አንተ ከኪስህ የምትከፍለውን ድርሻ) አጣራ፣ መኪናው ጋራዥ በገባ ቁጥር አንድ ጊዜ ነው ወይስ በእያንዳንዱ ብልሽት? ሁለት ነገር አንድ ላይ ሲበላሽ ልዩነቱ ይታወቅሃል።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ከቅዳሜ በፊት መኪናውን ከዲለሩ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ሃይብሪድ የሚያውቅ መካኒክ ጋ አስመርምረው። ከ150 እስከ 250 ዶላር ቢያስከፍልህ ነው። ሊፍት ላይ ወጥቶ ከሥር ይታይ፣ ኮምፒውተር ተሰክቶ የባትሪው ብሎኮች ቮልቴጅ ተቀራራቢ መሆኑ ይታይ፣ የጎማ ኩሽኔታዎቹ ይደመጡ። ዲለሩ መኪናው እንዲወጣ አልፈቅድም ካለ ቀብድህን ጠይቀህ ውጣ።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን «ባየርስ ጋይድ» (የገዢ መመሪያ) የሚባለውን ወረቀትም አንብብ። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ዲለር እንዲለጥፈው በፌዴራል ደንብ ይገደዳል። «አዝ ኢዝ» (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) የሚለው ላይ ምልክት ካለበት ከግቢው ከወጣህ በኋላ ያለው ጣጣ ያንተ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ይፈቀዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ1975 በወጣው የማግነሰን ሞስ የፌዴራል የዋስትና ሕግ መሠረት፣ ዲለሩ ራሱ ተዋዋይ ሆኖ በ90 ቀን ውስጥ ሰርቪስ ኮንትራት ከሸጠልህ፣ በኮንትራቱ በተሸፈኑት ክፍሎች ላይ «አዝ ኢዝ» ብሎ ከሕጋዊ ኃላፊነት ማምለጥ አይችልም። ዲለሩ የሌላ ኩባንያ ወረቀት ብቻ አሻሽጦ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። ስለዚህ ግዴታ የገባው ማን እንደሆነ፣ ስሙ ማን ተብሎ እንደተጻፈ እይ።

መኪናውን ከወሰድክ በኋላ በየወሩ 150 ዶላር በማትነካው ሒሳብ አስቀምጥ። 19 ወር ላይ 2,850 ዶላር ይሆናል፣ ካልተበላሸ ያንተው ነው። የኤሲ ኮምፕረሰር ቢሄድ ከ1,500 ዶላር በላይ ሊያስወጣህ ይችላል፤ በነገራችን ላይ እሱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የራሱ ዘይት አለው፣ ተራውን የኤሲ ዘይት የሚጨምርልህ ሰው ካለ አስቁመው። ከሁሉም በላይ የባትሪውን አየር ጠብቅ። ባትሪው የኋላ መቀመጫ ሥር ነው፣ አየር የሚስብበት ቀዳዳም እዚያው መቀመጫው ጋ ነው። ተሳፋሪ ቦርሳውን ይደግፍበታል፣ ጃኬት ይጥልበታል፣ የፈንዲሻ ፍርፋሪ ሳይቀር አግኝቼበታለሁ። ማጣሪያው በአቧራና በፀጉር ሲደፈን ባትሪው ይግላል፣ ፋኑም ይጮሃል። ዘይት በቀየርክ ቁጥር ማጣሪያው ይታይ፣ ካስፈለገ ይጠረግ። የዘይቱን ደረሰኝ ከነማይሉ አስቀምጥ፤ ለፋብሪካው ዋስትናም ይጠቅምሃል።

ለማን ግዛ እላለሁ? ኡበር የማይሠራ፣ ድንገት 4,000 ዶላር ቢጠየቅ ከየትም የማያመጣ ሰው፣ መኪናው ደግሞ ዋስትናው ያለቀ ቢኤምደብሊው ወይም የአየር ሰስፔንሽን ያለው ሬንጅ ሮቨር ከሆነ፣ ወይም ቀበቶ ያለው ሲቪቲ ካምቢዮ የተገጠመለት ኒሳን ከሆነ፣ የማይሸፈነውን የሚዘረዝረውን ዓይነት ይውሰድ፣ የሚቻል ከሆነ ከአምራቹ ኩባንያ የሚመጣውን። ዋጋውም ድርድር አለው፣ እንደ መኪናው ሁሉ። የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምቶ የሚፈርም ሰው የሻጩን ኮሚሽን ነው የሚከፍለው። መኪና ከገዛህ በኋላ በስልክ «የመኪናህ ዋስትና ሊያልቅ ነው» እያሉ የሚደውሉትን ግን ስልኩን ዝጋባቸው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2023 እንዲህ ዓይነቱን የስልክ ዘመቻ ያካሄዱ ሰዎችን ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቷል፣ እንዲህ ዓይነት ደዋዮች ግን ዛሬም አልጠፉም።

ምናልባት ይህን ሳታነብ ፈርመህ ከሆነም አትደንግጥ። አብዛኞቹ ኮንትራቶች በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ከተሰረዙ ሙሉ ገንዘቡን ይመልሳሉ፣ ከዚያ በኋላም የቀረውን ጊዜ ወይም ማይል አስልተው ይመልሳሉ። በቃል አትሰርዝ። ቀን ያለበት ደብዳቤ ጽፈህ ለዲለሩም ለኩባንያውም ላክ፣ የማይሉን ቁጥር ጻፍበት፣ የዳሽቦርዱን ፎቶ አያይዝ። የሚመለሰው ገንዘብ በእጅህ አይገባም፣ ወደ ባንኩ ሄዶ ከብድርህ ላይ ይቀነሳል። ወርሃዊ ክፍያህ ያው ሆኖ ስታየው አልሰረዙልኝም እንዳትል፤ ባንኩ ጋ ደውለህ ዋናው ዕዳ መቀነሱን አረጋግጥ።