ፓርቲ የሚታደሰው በየት በኩል ነው? የቨርጂኒያ አንባቢያን ጥያቄዎች

ኖቬምበር 4 ቀን 2025 በቨርጂኒያ በተካሄደው ምርጫ ሪፐብሊካን ፓርቲ አገረ ገዥነቱን፣ ምክትሉንና ዋና ዐቃቤ ሕግነቱን በአንድ ሌሊት አጣ። ዲሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ሪፐብሊካኗን ዊንሰም ኧርል-ሲርስን ያሸነፉት ከ57 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ነው፤ በስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት ካሉት 100 መቀመጫዎች ለሪፐብሊካኖቹ የቀራቸው 36 ብቻ ነው። ከሰሜን ቨርጂኒያ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ይህንኑ የሚነኩ ስለሆኑ የዛሬው ዓምድ የእነሱ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ከተሸነፉ በኋላ ፓርቲውን የሚጠግነው ማን ነው? ሊቀመንበሩ ነው? ዋሺንግተን ነው? ወይስ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች? (ከአናንዴል)

ሁሉም እጃቸውን ያስገባሉ፣ ግን የቤቱ ቁልፍ እነሱ ዘንድ አይደለም። የአሜሪካ ስቴት ፓርቲ አገር ቤት እንደምናውቀው ከላይ መመሪያ ወርዶለት የሚሠራ ድርጅት አይደለም። ከታች የካውንቲ ወይም የከተማ ኮሚቴ አለ፤ እነሱ ዩኒት ይሉታል። ከዚያ በላይ የ11ዱ የኮንግረስ ወረዳዎች ኮሚቴዎች አሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የስቴቱ ማዕከላዊ ኮሚቴ። የስቴቱ ሊቀመንበር በየአራት ዓመቱ ይመረጣል። የዩኒት ሊቀመንበር ግን በየሁለት ዓመቱ፣ 2024፣ 2026 እያለ በሚሄደው ዓመት ይመረጣል። ለውጥ የሚገባው በዚህ በር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኮሚቴው ጥሪ ያወጣል። ጥሪው ላይ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ለዕጩነት ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀንና የሚከፈለው ገንዘብ ይጻፋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ጥሪው በኮሚቴው ድረ ገጽ ላይ ይወጣና ማንም ሳያየው ቀኑ ያልፋል። በስብሰባው ዕለት መታወቂያ ይታያል፣ የፓርቲውን ዕጩዎች እደግፋለሁ የሚል ወረቀት ይፈረማል። በተባለው ሰዓት ተሰልፎ ያልተገኘ ሰው ደግሞ ይመለሳል፤ «የሐበሻ ሰዓት» እዚያ አይሠራም። መቶ ሺዎች በሚኖሩበት ካውንቲ ሊቀመንበሩን የሚመርጠው አንድ የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ የሚይዘው ሕዝብ ነው። ሃምሳ ሰው አስተባብሮ በሰዓቱ የሚያደርስ ሰው ከአንድ ሀብታም ይልቅ የሚፈራው ለዚህ ነው።

ደግሞ ይህ ፓርቲ ወድቆ ሲነሳ የመጀመሪያው አይደለም። በ2017 በምክር ቤቱ ከነበሩት 66 መቀመጫዎች ወደ 51 ወርዷል። ከእነዚያ አንዱ የተገኘው በዕጣ ነበር። በ94ኛው ወረዳ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አመጡ፤ ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 በስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ውስጥ ስማቸው በሁለት የፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ተከትቶ ከሸክላ ሳህን ወጣ። ዴቪድ ያንሲ ቀናቸው፣ ፓርቲያቸውም አብላጫውን ይዞ ቀረ። በ2019 ያንን አብላጫ አጡ፣ በ2021 መለሱት፣ በ2023 እንደገና በ51 ለ49 ለቀቁት። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ምርጫ ያለበት ስቴት ስለሆነ እንዲህ ያለው መገለባበጥ ፈጥኖ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በአንድ ስብሰባቸው ተገኝቼ ነበር። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ትምህርት ቤት ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ «ኮንቬንሽን ይሁን ፕራይመሪ» እያሉ ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። ይህ ምን ይረባል? (ከዉድብሪጅ)

ይረባል፤ ማን እንደሚመርጥ የወሰነ ማን እንደሚመረጥ ወሰነ ማለት ነውና። ሁለቱም የፓርቲው ዕጩ የሚለይባቸው መንገዶች ናቸው፤ በፕራይመሪ መራጩ ራሱ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ሄዶ ይመርጣል፣ በኮንቬንሽን ደግሞ ዴሊጌት የሚባሉ የፓርቲው ተወካዮች በጉባኤ ይመርጣሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይጠየቅም። ስለዚህ በፕራይመሪ ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ ከሁለቱ ፓርቲዎች የአንዱን ወረቀት ጠይቆ ድምፅ መስጠት ይችላል። አንዱ ወገን «ዲሞክራቶች ገብተው ዕጩ ይመርጡብናል» ብሎ ኮንቬንሽን ይፈልጋል፤ ሌላው «ኮንቬንሽን የጥቂት ሰዎች ማኅበር ነው፣ ሰው እናጣለን» ይላል።

ሁለት ጊዜ የሆነውን ብናነጻጽር ይሻላል። በ2012 ማዕከላዊ ኮሚቴው ለ2013ቱ ምርጫ የታሰበውን ፕራይመሪ በኮንቬንሽን ቀየረ። በዚህም ምክንያት ምክትል አገረ ገዥው ቢል ቦሊንግ ከውድድር ወጡ። ሪችመንድ ላይ በአካል በተካሄደው ጉባኤ የምክትሉ ዕጩ የተለየው በአራተኛው ዙር ነበር፣ ሌሊት። ቤተሰብ ያለው፣ ሥራ ያለው፣ ሩቅ የሚነዳ ዴሊጌት ሄዷል፤ የቀሩት የጸኑት ናቸው። ኖቬምበር ላይ ሦስቱም ዕጩዎች ተሸነፉ።

በ2021 ደግሞ ኮንቬንሽኑ በ39 ቦታዎች ተበትኖ ተደረገ። ዴሊጌቱ በመኪና መጥቶ አንድ ወረቀት ላይ ዕጩዎቹን በቅደም ተከተል፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ሞላ። ትንሹ ይወጣል፣ የእሱ ደጋፊዎች ሁለተኛ ምርጫ ይቆጠራል፣ እንዲህ እየተባለ ግሌን ያንግኪን በስድስተኛው ዙር አሸነፉ። ኖቬምበር ላይም በ2 በመቶ ገደማ ብልጫ አገረ ገዥ ሆኑ። ሁለቱም ኮንቬንሽን ናቸው። ልዩነቱ በሁለተኛው የተቀናቃኝን ደጋፊ መስደብ የማያዋጣ መሆኑ ይመስለናል፤ የእሱን ሁለተኛ ምርጫ ትፈልጋለህና።

ድምፁ ክብደት እንዳለውም ልብ ይሏል። ለአንድ ካውንቲ ለምሳሌ 100 ድምፅ ተመድቦለት 200 ዴሊጌት ቢመጣ የእያንዳንዱ ግማሽ ሆኖ ይቆጠራል፤ 50 ቢመጣ ደግሞ የእያንዳንዱ እንደ ሁለት ይሆናል። ትልቅ ካውንቲ ሰው በብዛት አምጥቶ ትንሹን እንዳይውጥ የታሰበ ነው።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የጸና ሕግ፣ በአካል ሳይገኝ ድምፅ መስጠት የሚፈቀድለት ሰው፣ ወታደሩም ሩቅ ያለው ተማሪም፣ በማንኛውም የዕጩ ምርጫ እንዲሳተፍ መንገድ ይከፈትለት ይላል። ለኮንቬንሽን ይህ ከባድ ነው፤ ለሕዝብ ሥልጣን የሚደረገው የዕጩ ምርጫ በአብዛኛው ወደ ፕራይመሪ ያዘነበለው በዚህ ነው። ኮንቬንሽን የጸና ቦታ የያዘው የፓርቲውን የራሱን ሹሞች በመምረጡ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ታክሲና ኡበር እነዳለሁ። «የመኪና ታክስ እናስቀራለን» ሲሉ ሰማሁ፤ ያው እየከፈልኩ ነው። እውነት ሊቀር ይችላል? (ከአሌክሳንድሪያ)

ተስፋው የቆየ ነው። ጂም ጊልሞር በ1997 አገረ ገዥ የሆኑት «የመኪና ታክስ ይቅር» ብለው ነው፤ ኧርል-ሲርስም በ2025 ይህንኑ አንስተው ነበር። በ1998 በወጣው ሕግ ስቴቱ ከመኪናው ዋጋ በመጀመሪያዎቹ 20,000 ዶላር ላይ የሚጣለውን ታክስ ቀስ በቀስ ሊከፍል ነበር የታሰበው። 70 በመቶ ላይ ሲደርስ ገንዘቡ አልበቃ አለ። ከ2006 ጀምሮ ስቴቱ ለሁሉም ካውንቲና ከተማ በድምሩ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ይሰጣል፣ ከዚያ አይዘልም። መኪናው በዛ፣ ዋጋው ጨመረ፣ ገንዘቡ ባለበት ቆመ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መኪና የሚደርሰው ቅናሽ እያነሰ ሄደ።

ይህ ታክስ የስቴቱ አይደለም። የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 እንዲህ ያለውን ንብረት ለካውንቲና ለከተማ ታክስ ብቻ ለይቶታል። ሪችመንድ ተቀምጦ «ይቅር» ማለት የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ እጅ መክተት ነው። በፓርቲው ውስጥ ያለው ክርክርም ይኸው ነው፤ በገጠር ካውንቲዎች ቦርዱን የያዙት ሪፐብሊካኖች ራሳቸው «ለመምህሩና ለፖሊሱ የምንከፍለውን ማን ይተካልን?» ብለው ይጠይቃሉ። መተኪያውን በቁጥር የማይናገር ዕጩ ሲያጋጥምዎ ይህን ጥያቄ ይጣሉበት።

ለእርስዎ ሥራ ግን ከፖለቲካው የበለጠ የሚነካዎ አንድ ነገር አለ። ቅናሹ ለግል መገልገያ መኪና ብቻ ነው። በዓመት ከተነዳው ማይል ከግማሽ በላይ ለሥራ ነው ብለው በገቢ ግብር ላይ ካስቀነሱ መኪናው የንግድ ይሆናል፣ ቅናሹም ይቀራል። ለምሳሌ መኪናዎ 15,000 ዶላር ተገምቶ ታክሱ ከ100 ዶላር 5 ቢሆን ሙሉው 750 ዶላር ነው። ቅናሹ 50 በመቶ ከሆነ 375 ይከፍላሉ፤ የንግድ ከሆነ 750ውን። ሁለቱን ሳያመዛዝኑ በግብር ወቅት «ማይሉን ሁሉ ጻፍልኝ» የሚሉ አሽከርካሪዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ማስቀነሱ ያዋጣል፤ ችግሩ በአንዱ ወረቀት «ለሥራ»፣ በሌላው «ለግል» ብሎ መፈረሙ ነው።

ጥያቄ፦ ስካይላይን አካባቢ ምግብ ቤት አለን። የፌርፋክስ የምግብ ታክስ ደንበኛ እያሸሸብን ነው። ሪፐብሊካኖች ቢመለሱ ይነሳል? (ከቤይሊስ ክሮስሮድስ)

መጀመሪያ ማን እንዳመጣው። በቨርጂኒያ ካውንቲ የስቴቱ ሕግ ያልፈቀደለትን ታክስ መጣል አይችልም። ፌርፋክስ በ2016 ሕዝቡን በምርጫ ጠይቆ ሕዝቡ እምቢ ብሏል። በ2020 የስቴቱ ምክር ቤት ያለ ሕዝበ ውሳኔ መጣል እንዲቻል ፈቀደ፤ የካውንቲው ቦርድ በሜይ 2025 4 በመቶ አጸደቀ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮም ይከፈላል። ቦርዱ 10 አባላት አሉት፣ ሪፐብሊካኑ አንድ ብቻ ናቸው፤ ፓት ሄሪቲ፣ ከስፕሪንግፊልድ። የአገረ ገዥው ለውጥ ይህን ታክስ አያነሳውም። የቦርዱ ቀጣይ ምርጫ 2027 ነው።

ደረሰኝዎ እንዲህ መሆን አለበት፦ የ60 ዶላር ማኅበራዊ፣ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ 3.60፣ 4 በመቶ የምግብ ታክስ 2.40፣ ድምር 66 ዶላር። ደንበኛው በፈቃዱ የሚተወው ጉርሻ ላይ ታክስ የለም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማሽኑ ላይ 10 በመቶ ብለው በአንድ መስመር ሲሞሉት ነው። አንዱ ወደ ሪችመንድ፣ ሌላው ወደ ካውንቲው የሚሄድ ስለሆነ በወር መጨረሻ መለየት ያቅታል። ሁለት መስመር አድርገው ያስሞሉት። እዚያው የሚሸጡት የጤፍ ዱቄትና በርበሬ ግን ግሮሰሪ ነው፣ 1 በመቶ።

ደንበኛው አሌክሳንድሪያ ይሻገራል ብለው አይስጉ፤ እዚያ የምግቡ ታክስ 5 በመቶ ነው። አርሊንግተንም በ2025 4 ነበር። «ይነሳ» ከማለት ይልቅ በኤፕሪል በሚደረገው የበጀት ችሎት ተመዝግበው ቢናገሩ ይሻላል። የሚሰጥዎ 3 ደቂቃ ነው። ስሜትዎን ሳይሆን የሦስት ወር ደረሰኝ ካለፈው ዓመት ከነበረው ጋር አነጻጽረው ይዘው ይግቡ። አሥራ አምስት ባለቤቶች ተመሳሳይ ቁጥር ይዘው ቢመጡ ዲሞክራቱም ይሰማል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለተወካዮች ምክር ቤት ልትወዳደር ታስባለች፣ እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ምን ልርዳት? (ከስፕሪንግፊልድ)

ለተወካዮች ምክር ቤት የሚያስፈልገው 125 የመራጭ ፊርማ ነው፤ ለሴኔት 250። ለአገረ ገዥነት 10,000 ሲሆን ከ11ዱ ወረዳዎች ከእያንዳንዱ ቢያንስ 400 ያስፈልጋል። በ2025 በሪፐብሊካኑ በኩል ኧርል-ሲርስ ያለ ተወዳዳሪ ያለፉት ሌሎቹ ይህን ባለመሙላታቸው ነው። 125 ሲባል 200 ሰብስቡ። ከወረዳው ውጭ የሚኖር፣ ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለ፣ ዜግነት ወስዶ ያልተመዘገበ ሰው ፊርማ ይወድቃል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ መሰብሰብ የሚያታልለው በዚህ ነው፤ ምእመኑ ከአምስት ካውንቲ የመጣ ነው። ቅጹ የፊትና የጀርባ ስለሆነ በአንድ ወረቀት ሁለት ገጽ ይታተም።

እርስዎ ያለ ክፍያ በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ምግብ ማብሰል፣ ከራስዎ ገንዘብ መለገስ ይችላሉ። መምረጥና የፓርቲ ኮሚቴ አባል መሆን አይችሉም። አደጋው ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ላይ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ ማሽኑ ስለ ዜግነትና ስለ መራጭነት ይጠይቃል። በስህተት «ዜጋ ነኝ» የሚለውን ከነኩ በኋላ ዜግነት ሲጠይቁ ትልቅ ጣጣ ይሆናል። ካልገባዎ ቆም ብለው ሠራተኛዋን በቃል ይጠይቋት።

ዜግነት ሲወስዱ ደግሞ እንግሊዝኛ ማንበቡ ቢያስቸግርዎ ልጅዎን ይዘው ወደ ድምፅ መስጫው መግባት ይችላሉ። የፌዴራሉ ሕግ ይፈቅዳል፣ አሠሪዎና የሠራተኛ ማኅበርዎ ተወካይ ካልሆነ በቀር።