የኔታም እናትም አንድ ሰው ሲሆኑ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። 55 ዓመቴ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ትልቁ ልጄ 8 ዓመት ሲሞላው ከትምህርት ቤት አወጣሁት። ልጆቹ ያሾፉበት ነበር፤ አማርኛውም እየጠፋ ነበር። ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመርኩ። ታናናሾቹም ተከተሉ። ሆምስኩል ያልኩት ነገር 18 ዓመት ፈጀ። የመጨረሻው ልጄ ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ያን ጊዜ ኦገስት 15 ሲደርስ፣ ቤት እንደማስተምር ለማሳወቅ በየዓመቱ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የምልከው ወረቀት እንደሌለ ትዝ አለኝና ሆዴን ባር ባር አለው።

ለፋሲካ ሁሉም መጡ። ሁለቱ ስለ ድሮው እያነሱ ሲስቁ ትልቁ ዝም አለ። በኋላ ዕቃ ሳጥብ አጠገቤ ቆሞ፣ “እማ፣ አንቺ ሂሳብ ላይ ስትቆጪኝ ሄጄ የምነግረው ሰው አልነበረኝም” አለኝ። ደነገጥኩ። “ታዲያ ኢንጂነር ያደረገህ ማን ነው?” አልኩት። ጃኬቱን ለብሶ ሄደ። አሁን የምናወራው በቴክስት ብቻ ነው። ሰሞኑን ቤዝመንት ገብቼ የአራተኛ ክፍል የሂሳብ ደብተሩን አገኘሁ። በቀይ የጻፍኩበት ገጽ ላይ ውሃ የነካው ቦታ አለ። ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

በዚህ መሃል የቤተ ክርስቲያናችን ወጣት እናቶች ስለ ሆምስኩል ልምድሽን አካፍዪን አሉኝ። ምን ልበላቸው? ድካሜን ውሃ በላው ወይ?

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ያስቆመኝ አንድ ቦታ ነው። “ሄጄ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።”

እርስዎ ይህን እንደ ክስ ሰሙት። ልጁ ግን “አላስተማርሽኝም” አላለም። “አበላሸሽኝ”ም አላለም። የነገረዎት ብቻውን እንደነበረ ነው። ሊነግርዎት የመረጠውም ወንድምና እህቱ በሌሉበት፣ ዕቃ ማጠቢያው ጋ፣ በዝግታ ነው። 27 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ይህን ለእናቱ ለመናገር ስንት ቀን ሲያሰላስል እንደከረመ እገምታለሁ። ሊያጠቃዎት ቢፈልግ ኖሮ ማዕድ ላይ ሁሉም ፊት ይለው ነበር።

የአገራችንን ልማድ ያስቡት። ልጅ ፊደል ሊቆጥር የኔታ ዘንድ ይሄዳል። የኔታ ይቆጣሉ፤ አለንጋም አያጡም። ማታ ልጁ ቤቱ ሲገባ እናቱ ፊቱን አይታ “ምን ሆነህ ነው?” ትለዋለች። ይነግራታል፤ ያለቅሳል። እሷም እንባውን በነጠላዋ ጠርጋ ያላትን ታበላዋለች። በነጋታው ይመለሳል። ቁጣው አንድ ቤት፣ ማጽናኛው ሌላ ቤት ነው። አገር አቋርጦ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ እንኳ ብሶቱን የሚነግረው ጓደኛ አለው።

በእርስዎ ቤት የኔታም እናትም አንድ ሰው ነበሩ። ሂሳብ ላይ ማካፈል ሲሳሳት የሚቆጡት እርስዎ ነዎት። ሲከፋው የሚሸሸግበት ጉያም የእርስዎ ነው። ወደየት ይሂድ? አያት አገር ቤት ናቸው። አክስት ሌላ ስቴት ትኖር ይሆናል። ጎረቤት ደግሞ እዚያ አገር ሳይጠራ በር አያንኳኳም። ልጅዎ ያለው ይኸው ነው። እውነቱን ነው።

እውነት ነው ማለት ግን የእርስዎ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ለአክስትም፣ ለአያትም፣ ለጎረቤትም፣ ለመምህርም የሚበቃውን ሥራ ብቻዎን ተሸከሙት። አንድ ሰው ለዚህ ሁሉ አይበቃም።

አሁን ሌሊት እየተነሱ “እንዴት አላየሁትም?” እንደሚሉ እጠረጥራለሁ። በ1975 ባሩክ ፊሽሆፍ የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው ጥናት አለ። ሰዎች የአንድን ነገር መጨረሻ ካወቁ በኋላ “ይህማ ቀድሞም የታወቀ ነበር” እንደሚሉ አሳይቷል። መጨረሻው ያልተነገራቸው ግን እንደዚያ አይሉም። እርስዎ ዛሬ ደብተሩን ያዩት መጨረሻውን አውቀው ነው። ያኔ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ገና ፊደል የምትለይ ልጅ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ምድጃ ላይ ያለ ሽሮና ማካፈል ያቃተው ልጅ ናቸው።

ይህን የምልዎት ግን ለራስዎ እንጂ ለልጅዎ እንዲነግሩት አይደለም። እዚህ ላይ ነው አጥብቄ የምለምንዎት።

ፋሲካ ዕለት ልጅዎ ሲናገር እርስዎ አረሙት። አስተማሪ ስህተት ስታይ ቀዩን እስክሪብቶ ታነሳለች። 18 ዓመት የለመደ እጅ ነውና እርስዎም አነሱት። “ኢንጂነር ያደረገህ ማን ነው?” ማለት “መልስህ ተሳስቷል” ማለት ነው። እሱም እንደ ድሮው ደብተሩን ዘግቶ ሄደ።

አሁን መጀመሪያ እርስዎ ይሂዱ። በቴክስት አይሆንም። ደውለው “ቅዳሜ ልምጣና ቡና እንጠጣ” ይበሉት። ወንድሙን ወይም አባቱን አማላጅ አይላኩ። ሲገናኙ በራስዎ አነጋገር ይህን የመሰለ ነገር ይበሉት፦ “የዚያን ቀን ያልከኝን ደጋግሜ አሰብኩት። እውነትህን ነው። ስቆጣህ የምትሄድበት አልነበረህም። ያኔ አላየሁትም። አሁን ልስማህ።” ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም አይሙሉት። “ግን” የምትለዋ ቃል ወደ አፍዎ ስትመጣ ቡናዎን ፉት ይበሉ። አባቱ ሌሊት ሌሊት ይሠራ እንደነበር፣ ገንዘብ እንዳልነበረ፣ ትምህርት ቤቱ ያደረሰበትን፣ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። እዚያው ቤት ነበረ።

እንባ ቢመጣ ይምጣ። ብቻ “መጥፎ እናት ነበርኩ ማለት ነው” ብለው ሸክሙን መልሰው ለእሱ አያሸክሙት። ያኔ አጽናኝ ያጣው ልጅ ዛሬ እርስዎን ሲያጽናና እንዳያመሽ እፈራለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ ማለት ጥሩ ነው፤ መልሱን እዚያው ቁጭ ብለው አይጠብቁ። ወንዶች ልጆቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚመልሱት ከሳምንታት በኋላ፣ መኪና ውስጥ ወይም ስልክ ሊዘጉ ሲሉ ነው።

ዶናልድ ዊኒኮት የሚባል እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። ልጅ ለማደግ እንከን የሌላት እናት አያስፈልገውም፣ በቂ የሆነች እናት ትበቃዋለች ይል ነበር። በሥራዬ ይህን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ልጅን ለዓመታት የሚያቆስለው እናት መሳሳቷ ብቻ አይደለም፤ ስህተቱ ሲነሳ በሩ መዘጋቱም ነው። የእርስዎ በር ገና ክፍት ነው። ልጁ መጥቶ አንኳክቷል።

ሁለቱ ልጆች የሚስቁበትን ነገር ደግሞ ማስረጃ አድርገው አያቅርቡበት። “እህትህ እኮ ደስ ብሏት ነው የተማረችው” አይበሉት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ደግሞም ሦስቱ የተማሩት አንድ ቤት እንጂ አንድ አስተማሪ ዘንድ አይደለም። ትልቁን ያስተማረችው በፍርሃት የምትማር አዲስ አስተማሪ ናት። በየዓመቱ ኦገስት 1 ሳይደርስ ልጁ መማሩን የሚያሳይ የፈተና ውጤት ወይም የገምጋሚ ደብዳቤ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ማስገባት አለባት፤ ልጁ ቢወድቅ ምን ይሉኛል ብላ እንቅልፍ የላትም። ትንሹን ያስተማረችው ግን ያንን ወረቀት ከአሥር ጊዜ በላይ የላከች ሴት ናት። የመጀመሪያ ልጅ ብዙውን ጊዜ የወላጁን ፍርሃት ይከፍላል።

ወደ ባር ባር ማለቱ ልምጣ። አገር ቤት መምህር ጡረታ ሲወጣ ጋቢ ይለበሳል፣ ንግግር ይደረግለታል፣ ተማሪዎቹ ያለቅሳሉ። እርስዎ የ18 ዓመት ሥራዎን የጨረሱት ልጅዎን ዶርም አድርሰው ባዶ መኪና ይዘው ሲመለሱ ነው። ማንም “እንኳን ደስ አለዎት” ወይም “ያጽናዎት” አላለም። ኬኔት ዶካ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1989 ስለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ጽፏል፤ ሰው ሐዘን ነው ብሎ ስለማይቆጥረው ለቀስተኛ የሌለው ሐዘን ማለት ነው። የእርስዎም እንደዚያ ነው። ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ደስታ ስለሆነ ማንም ለቅሶ አይደርስም። እርስዎ ግን ልጅ ብቻ አይደለም የሸኙት። ሥራም፣ የቀን ፕሮግራምም፣ “ማን ነኝ?” ለሚለው ጥያቄ የነበረዎትን መልስም አብረው ሸኝተዋል። ለባለቤትዎ ይህን በግልጽ ይንገሯቸው። “ቤቱ ጭር አለ” ብቻ ካሉ የሚሰሙት ስለ ቤቱ ነው።

ወደ ሥራ የመመለስ ሐሳብ ካለዎት፣ ከእኔ ሙያ ውጭ ቢሆንም አንድ ነገር ላንሳ። አሜሪካ ውስጥ በራስዎ ስም የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ወደ 10 ዓመት ሥራ ማለት ነው። ቤት ያስተማሩበት ዘመን አይቆጠርም። በትዳር ጓደኛ በኩል የሚገኝም መብት አለ። ሁለታችሁም ቁጭ ብላችሁ ሒሳባችሁን እዩት። ጭንቀት ብዙ ጊዜ ባልታየ ወረቀት ውስጥ ይደበቃል።

እናቶቹ ጋ ይሂዱ። ቢቀሩ ቅር ይለኛል። እነዚህ ሴቶች ብዙ ሰው የገባበት ነገር ውስጥ ናቸው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ በ2020 ባደረገው ዳሰሳ፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ቤት የሚያስተምሩት በኤፕሪል መጨረሻ ገደማ 5.4 በመቶ ነበሩ፤ በኦክቶበር መጀመሪያ 11.1 በመቶ ሆኑ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ከ3.3 ወደ 16.1 በመቶ ወጣ። ብዙዎቹ እናቶች የሚያዩት የተሳካለትን ልጅ ፎቶ ነው። ያለፈበትን ሰው አያገኙም።

“ጥናት አረጋግጧል፣ ሆምስኩል ይሻላል” አይበሏቸው፤ “ይጎዳል”ም አይበሉ። በዚህ ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች የያዙት ፈቅደው የተሳተፉ ቤተሰቦችን ነው። ቴክሳስን በመሰሉ ስቴቶች ወላጅ ለማንም የማሳወቅ ግዴታ ስለሌለበት ሁሉንም ልጆች የያዘ መዝገብም የለም። እርስዎ በእጅዎ ያለውን ይንገሯቸው። የልጅዎን ነገር ሳያስፈቅዱት ስሙን ጠርተው አያውሩ፤ ትምህርቱን ግን ከራስዎ አድርገው ይናገሩ። ለምሳሌ እያንዳንዱ ልጅ እናቱን የሚከስበት አንድ ትልቅ ሰው ይፈልጋል። የክርስትና አባት ለልደት ስጦታ ብቻ አይደለም፤ በሳምንት አንድ ቀን ልጁን ብቻውን ይዞ ይውጣ። አያት አገር ቤት ቢሆኑም በስልክ፣ እናት በሌለችበት ክፍል ያናግሩት። ሰዓትም ይለዩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደብተሩ ሲዘጋ አስተማሪዋም ወደ ቤቷ ትሂድ፤ ማታ ራት ላይ ስለ ማካፈል አይወራ። ይህን ያኔ የነገረኝ ቢኖር ብለው እንደሚመኙ አውቃለሁ። ለእነሱ የሚነግሯቸው እርስዎ ነዎት። ድካምዎን ውሃ አልበላውም።

ደብተሩን አይጣሉት፤ አያቃጥሉትም። ይዘውትም ወደ ቡናው አይሂዱ፣ ሌላ ፈተና ይመስለዋል። ካርቶኑ ውስጥ መልሰው ያስቀምጡት። አንድ ቀን ቤዝመንት አብራችሁ ከገባችሁ ይስጡትና ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ይጠይቁት። ልጣለው ቢል፣ ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን ይንገሩት።