በፈረንሳይ ሜሪው (ማዘጋጃ ቤቱ) ዝም ካለ መሥራት ይቻላል?

አዎ፣ ለ12 ካሬ ሜትር የጓሮ መጋዘን ያስገቡት ዴክላራሲዮን ፕሬያላብል (ከግንባታ በፊት ለሜሪው የሚቀርብ ማሳወቂያ) አንድ ወር ካለፈውና መልስ ካልመጣ፣ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ወሩ የሚቆጠረው ግን ሙሉ ፋይል ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ ነው። በመሃል «ይህ ወረቀት ጎድሏል» የሚል ደብዳቤ ልከው ከሆነ፣ የጎደለውን ሲያስገቡ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን በቅርስነት ከተመዘገበና ቤትዎ በዙሪያው ባለው ጥበቃ ክልል (አብዛኛውን ጊዜ 500 ሜትር) ውስጥ ከሆነ፣ ጊዜው 2 ወር ነው።

አሁን፦

1. ሜሪው ክፍት በሆነበት ቀን ሄደው (ትንሽ መንደር ከሆነ በሳምንት ጥቂት ግማሽ ቀናት ብቻ ነው) ተቃውሞ እንደሌለ የሚገልጽ ሰርተፍኬት ይጠይቁ። መስጠት ግዴታቸው ነው።

2. ቁመቱም ወርዱም ከ80 ሳንቲሜትር የሚበልጥ፣ ፈቃዱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከመንገድ በሚነበብበት ቦታ ይትከሉ፤ ሥራው እስኪያልቅ አይንቀሉት። የተከሉበትን ቀን የሚያሳይ ፎቶ ያንሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰሌዳው ላይ ነው። ጎረቤት የሚቃወምበት 2 ወር የሚቆጠረው ሰሌዳው ከቆመበት ቀን ነው፤ ካልተከሉት ጊዜው አይጀምርም። ሜሪውም ፈቃዱ ሕገ ወጥ ሆኖ ካገኘው በ3 ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላል፤ ስለዚህ ኮንክሪት ለማፍሰስ አይቸኩሉ።