መልስ፦ የባህሬን ውድድር ለምን አንዴ ተሰርዞ አንዴ ተካሄደ?

ወንድሜ፣ "በ2011 የተሰረዘው የባህሬን ፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ተቃውሞው ሳይበርድ በ2012 እንዴት ተካሄደ" ላልከው፣ ባጭሩ ብር ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ፌብሩዋሪ ላይ ፀረ መንግሥት ሰልፉ ሲነሳ የባህሬን አልጋ ወራሽ ራሱ ነው ውድድሩ ይቅር ያለው፣ ከዛ ጁን ላይ ኤፍአይኤ (የመኪና ውድድሩ የበላይ አካል) ወደ ኦክቶበር እናዙረው ብሎ ወስኖ ነበር እኮ፣ ቡድኖቹ ሲያጉረመርሙ ነው የቀረው። በ2012 ግን ውጭ ጎማ እየተቃጠለ አስለቃሽ ጭስ እየተተኮሰ ተወዳደሩ፣ ሹፌሩ ቬትል አሸነፈ። የፎርስ ኢንዲያ ቡድን ሠራተኞች ደግሞ መንገድ ላይ የቤንዚን ቦምብ አጠገባቸው ወድቆ ደንግጠው አርብ ሁለተኛውን ልምምድ ዘለሉት፣ በማግስቱ ማጣሪያ ላይ ቲቪው መኪናቸውን ብዙም አላሳየም ተብሎ ስንት ሰው አማ መሰለህ (እኔም አምቻለሁ)።

እዚህ ባህር ዳር ጣና ዳር ዲኤስቲቪ የምናይበት ቤት ልጆቹ "ስፖርትና ፖለቲካ አታደባልቅ" ይሉኛል። መንግሥት ስሙን ለማሳመር ከፍሎ ሲያስመጣው ማን ነው ያደባለቀው ታዲያ? ሳዑዲ በማርች 2022 ባንድ ቀን 81 ሰው በሞት ቀጥታ በሁለት ሳምንቱ ጅዳ ላይ ውድድር ነበር። ተወዳዳሪው ሃሚልተን ከባህሬን እስረኞች ደብዳቤ ደርሶት በይፋ ተናግሯል፣ ግን እሱም ይነዳል፣ እኔም እሁድ ማኪያቶዬን ይዤ አያለሁ።