ላይብረሪው ቁጭ ብሎ «የለም» ሲባል

ጥያቄ፦ አንድ ፕሮግራም ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል አድርጌ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ጫንኩ። ሲነሣ «ሊብምስል.ኤስኦ.3ን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። ፋይሉ ግን /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ64 ውስጥ አለ። ባሽአርሲ (ተርሚናል ሲከፈት የሚነበብ የቅንብር ፋይል) ላይ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ በሚባለው ተለዋዋጭ አድራሻውን ስጽፍ ከተርሚናል ይሠራል፤ በሱዶ (በአስተዳዳሪው በሩት ፈቃድ) ወይም ሰርቪሶችን በሚያስነሣው በሲስተምዲ ሲነሣ ግን ያው ስህተት ይመለሳል።

መልስ፦ ላይብረሪዎችን (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸውን የኮድ ፋይሎች) ፈልጎ ሜሞሪ ውስጥ የሚያስገባው ጫኚ፣ ኤልዲ.ኤስኦ፣ ዲስኩን ሁሉ አያስስም። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ አርፓዝ የሚባል የመፈለጊያ አድራሻ ካለ ያያል (አዲሱ ዓይነት፣ ራንፓዝ፣ ከሌለ ብቻ ነው)፤ ቀጥሎ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝን፣ ከዚያ ራንፓዝን፣ ከዚያ /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ካሽ የሚባለውን የላይብረሪ አድራሻዎች መዝገብ፣ በመጨረሻም /ሊብ እና /ዩኤስአር/ሊብን ወይም የ64 ቢት አቻዎቻቸውን። እዚያ ካላገኘ «የለም» ይላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብን ከመጀመሪያው ያስመዘግባሉ፤ ፌዶራና ሬድ ሃት ግን እሱንም ሆነ ሊብ64ን አያስመዘግቡም። የእርስዎም ችግር ከዚህ የመጣ ይመስላል።

ከመንካትዎ በፊት ባሽአርሲ ላይ የጻፉትን መስመር አጥፍተው አዲስ ተርሚናል ይክፈቱ። እሱ እያለ የሚሞክሩት ሁሉ የተሳካ ይመስላል። ከዚያ ኤልዲዲ ከሚለው ትዕዛዝ ቀጥሎ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ይስጡ። የጎደለው ላይብረሪ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ስህተቱ የሚነግርዎት የመጀመሪያውን ነው፤ ኤልዲዲ ግን ሁሉንም ይዘረዝራል። ምንጩን በማያምኑት ፕሮግራም ላይ ኤልዲዲን አይጠቀሙ፣ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሣው ይችላልና። ለዚያ ፕሮግራሙን ሳያስነሣ የሚያነበው ሪድኤልፍ -ዲ ይበቃል።

አሁን /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ ፎልደር ውስጥ ሎካል.ኮንፍ የሚባል ፋይል ይፍጠሩና /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ64 የሚል አንድ መስመር ይጻፉበት። ጥቅስም የእኩል ምልክትም አያስፈልግም፤ ሌላ ፎልደር ካለ በራሱ መስመር ይግባ። የፋይሉ ስም በ.ኮንፍ ካላለቀ አይነበብም። ከዚያ ሱዶ ኤልዲኮንፊግ ይበሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህችን ነው፦ ጫኚው የኮንፍ ፋይሉን ጭራሽ አያየውም፣ የሚያየው ኤልዲኮንፊግ የሚሠራውን ካሽ ብቻ ነው። ወደፊትም እዚያ ፎልደር ውስጥ አዲስ ላይብረሪ በጫኑ ቁጥር ትዕዛዙን ይድገሙት። ኤልዲኮንፊግ -ፒ የሚያወጣውን ዝርዝር በግሬፕ አጣርተው ሊብምስል.ኤስኦ.3 ከነአድራሻው መግባቱን ይዩና ሰርቪሱን እንደገና ያስነሡ።

ዝርዝሩ ውስጥ ሊብምስል.ኤስኦ.2 ብቻ ካለስ? በኤስኦ.3 ስም ሊንክ ሠርተው ጫኚውን አያታልሉት። ከኤስኦ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚቀየረው አሮጌውና አዲሱ የማይተካኩ ሲሆኑ ነው፤ ፕሮግራሙ ወይ ያልታወቀ ሲምቦል (ላይብረሪው ውስጥ የሌለ የፈንክሽን ስም) ብሎ ይቆማል፣ ወይ ይነሣና ሥራ መሃል ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው የከፋ ነው። ትክክለኛውን ሊንክ፣ ለምሳሌ ከኤስኦ.3 ወደ ኤስኦ.3.2.1፣ ኤልዲኮንፊግ ራሱ ይሠራዋል።

ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ኖሮ ለሩት እየሠራ ለሰርቪሱ ተጠቃሚ እምቢ ካለ ፈቃዱን ይመርምሩ፦ ፎልደሩና በላዩ ያሉት ሁሉ 755፣ ፋይሉ 644 ወይም 755። ጥብቅ ዩማስክ (የአዲስ ፋይሎችን ፈቃድ የሚቀንስ ቅንብር) ባለው የሩት ተርሚናል ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ባለ 32 ቢት ላይብረሪም ለባለ 64 ቢት ፕሮግራም የሌለ ያህል ነው፤ ፋይል የሚለው ትዕዛዝ የትኛው እንደሆነ ይነግርዎታል።

ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ከተርሚናል ውጭ ያልሠራው ሱዶ እንዲህ ያሉትን ተለዋዋጮች ስለሚያራግፍ፣ ሲስተምዲም ባሽአርሲን ስለማያነብ ነው። ቢሠራም ለዘለቄታው አልመክርዎትም። ከዚያ ተርሚናል የሚነሣው ፕሮግራም ሁሉ ቀድሞ እዚያ ፎልደር ስለሚገባ፣ ከሥርዓቱ ጋር የማይስማማ ላይብረሪ ሊያነሣ ይችላል። በነባሩ ዋጋ ላይ በሁለት ነጥብ (:) ሲያስቀጥሉ ደግሞ ነባሩ ባዶ ከሆነ ነጥቦቹ መጨረሻ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ጫኚው ያንን «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ብሎ ያነበዋል፣ ይህም የደኅንነት ቀዳዳ ነው። ለሙከራ ከአንድ ትዕዛዝ ፊት ማስቀደም ይበቃል።

የሩት ፈቃድ ከሌለዎት አድራሻውን በራንፓዝ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገቡት፤ የተሠራውን ፕሮግራም ፓችኤልፍ የሚባለው መሣሪያ ያስተካክለዋል። ዶላር ኦሪጅን ($ORIGIN) ብለው ከጀመሩ አድራሻው ከፕሮግራሙ ፎልደር ተነሥቶ ይቆጠራል፤ ሼሉ እንዳይበላው በነጠላ ጥቅስ ይክበቡት። ራንፓዝ የሚያገለግለው ፕሮግራሙ በቀጥታ ለሚጠራቸው ነው፤ ሊብምስል ራሱ ሌላ ላይብረሪ ከፈለገ ለእሱም የራሱ ራንፓዝ ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ የጂሊብሲ፣ የአብዛኞቹ ሊኑክሶች መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ፣ አሠራር ነው። አልፓይን በሚባለው ሊኑክስ ላይ በእሱ ፈንታ የሚሠራው ሙስል ካሹን አያነብም፤ አድራሻዎቹ የሚጻፉት /ኢቲሲ/ኤልዲ-ሙስል-ኤክስ86_64.ፓዝ ላይ ነው። ያ ፋይል ነባሮቹን ቦታዎች ይተካቸዋል እንጂ አይጨምርባቸውም፤ ስለዚህ /ሊብ፣ /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ እና /ዩኤስአር/ሊብ አብረው ይግቡ፤ ያለበለዚያ በእነሱ ላይ የቆሙ ፕሮግራሞች መነሣት ያቆማሉ።