መልስ፦ የትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ በክረምት እንዳይጠፋ

የክበባችሁ አትክልት ቦታ በየክረምቱ በአረም እየተዋጠ መስከረም ላይ ከባዶ እንደምትጀምሩ ጽፈዋል። መፍትሔው ሐምሌንና ነሐሴን የሚጠብቅ ሰው መፈለግ ሳይሆን፣ ብዙ እንክብካቤ የማይሻ ሰብል መሬቱ ላይ ትቶ መሄድ ነው።

አካባቢው ደጋ ወይም ወይና ደጋ ከሆነ፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት መደቡን አጽድተው ባቄላ ይዝሩበት። ዝናቡ ያበቅለዋል፣ ሥሩ ለአፈሩ ናይትሮጅን ይጨምራል፣ ተማሪዎቹም ሲመለሱ አበባ ላይ ያለ ወይም እሸቱ የደረሰ መደብ ይጠብቃቸዋል፤ አዲስ አባላትን ለመመልመል ከእሸት የተሻለ ነገር አላየሁም። እሸቱ ሲያልቅ ግንዱን ከመሬት አጠገብ ቆርጠው ሥሩን አፈር ውስጥ ይተዉትና ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይዝሩ። ቆስጣው በ2 ወር፣ ሌሎቹ በ3 ወር ገደማ ይደርሳሉ። በበጋ ውኃ የሚያጥር ከሆነ መደቡን በገለባ ይሸፍኑ፤ ስፋቱንም ባለው መሬት ሳይሆን በቧንቧው አቅም ይወስኑ።

የክበቡን ኃላፊነት ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ይስጡ፤ የ12ኛ ክፍሎች ሐሳብ ብሔራዊ ፈተናው ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ከርዕሰ መምህሩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፦ ያረፈደ ተማሪ በቅጣት እንዲቆፍር ወደ አትክልቱ አይላክ። ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ይህ ልማድ ሲጀመር፣ የተቀጡት ችግኙን ከአረሙ ጋር እየነቀሉ ይጥሉት ነበር፤ በፈቃዳቸው የሚመጡትም «ምን አጥፍታችሁ ነው?» እየተባሉ አንድ በአንድ ቀሩ።