ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልጄን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሆዱን ያመዋል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። በዲቪ ከመጣን አምስት ወራችን ነው። የ8 ዓመት ልጄ አዲስ አበባ ሳለን «ክፍል ውስጥ ያወራል» እየተባለ ሁልጊዜ የሚከሰስ ነበር። እዚህ ግን እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም አሉኝ። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ባስ ሊደርስ ሲል «ሆዴን» ብሎ ጥቅልል ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ ደህና ነው። አንጀቴ አልችል እያለ አምስት ስድስት ቀን አስቀርቼዋለሁ። ባለቤቴ «እያስመሰለ ነው» ይላል። እዚህ ብዙ ዓመት የኖረችው የባለቤቴ እህት ደግሞ «ቤት ውስጥ አማርኛውን ተዉት» ትለናለች። አሁን ከትምህርት ቤቱ «ልጁ ይገምገም» የሚል ወረቀት መጥቶልኝ ሳልፈርም ይዤው ተቀምጫለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከባለቤትዎ ልጀምር። ልጁ አያስመስልም። «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ» የምንል ሰዎች ይህን ለማመን ሐኪም ባላስፈለገን ነበር፤ እርስዎም እኮ «አንጀቴ አልችል አለ» ብለው ነው የጻፉልኝ። አእምሮና አንጀት በነርቭ የተያያዙ ናቸው። ልጅ ሲፈራ አንጀቱ ይኮማተራል፣ በሌላ ጊዜ የማይሰማው ነገር ሁሉ ይሰማዋል። ባሱ ካለፈ በኋላ ሕመሙ መልቀቁ ውሸት አያደርገውም።

ሆኖም «ቅዳሜና እሑድ ደህና ነው» ስላሉኝ ብቻ ነገሩን ፍርሃት ነው ብዬ አልዘጋውም። መጀመሪያ ቁርሱን ልጠይቅዎ። በሥራ ቀን ጥድፊያ ስላለ ብዙ ቤት ለልጅ የሚቀርበው ሲሪያል በወተት ነው፤ ጨጨብሳውና ፍርፍሩ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ትምህርት ቤትም ከምሳው ጋር ወተት ይቀርብለታል። ብዙዎቻችን ኢትዮጵያውያን ከሕፃንነት ካለፍን በኋላ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ይቀንስብናል። ሻይ ላይ ጠብ ከምትል ወተት በቀር ያልለመደ ሆድ በየጠዋቱ ሳህን ሙሉ ሲገባበት ይነፋዋል፣ ይቆርጠዋል። ለሁለት ሳምንት ላክቶስ የወጣለት ወተት ይስጡትና ለውጡን ይዩ።

ቀጥሎ መጸዳጃ ቤት። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን አዲስ የመጣ ልጅ ሆዴን ባለኝ ቁጥር ከዚህ አላልፍም። ልጁ በእንግሊዝኛ «መጸዳጃ ቤት ልሂድ» ማለት ካልቻለ፣ እጁን ቢያወጣ ምን እንደሚመጣበት ካላወቀ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይይዛል። የተያዘ ሰገራ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ያማል፤ ሲያም ልጁ ይብስ ይይዛል። በሦስት ቀን አንዴ ከወጣ፣ ሲወጣ ትልቅና ደረቅ ከሆነ፣ ወይም የውስጥ ሱሪው ላይ ትንሽ ትንሽ ከታየ ድርቀት ነው፤ ሐኪሙ የሚያለሰልስ መድኃኒት ይሰጠዋል። ለአስተማሪዋ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቋት፦ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ካርድ ታስቀምጥለት፤ ካርዱን ሲያነሳ መናገር ሳያስፈልገው እንዲወጣ። አዲስ መጤ ስለሆነ የሰገራ ምርመራም ይደረግለት፤ ጃርዲያና ወስፋት ቪዛ አይጠይቁም።

ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነቃው ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም ደም ካዩ ቀጠሮውን ያስቀድሙ። ትኩሳት ኖሮት ከሆዱ በታች በቀኝ በኩል ካመመው፣ ወይም ውኃ እየጠማው፣ ቶሎ ቶሎ እየሸና፣ እየከሳ ከመጣ ግን በዚያው ቀን ይታይ።

አሁን ወደ ዝምታው። አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚሰማበት፣ የማይናገርበት ጊዜ አለው፤ ሳምንታት ሊሆን ይችላል፣ ወራትም ሊሆን ይችላል። አምስት ወር በራሱ አያስደነግጠኝም። መለያው ሌላ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ እንደ ድሮው ያወራል? ቤተ ክርስቲያን ካሉት አማርኛ ተናጋሪ ልጆች ጋር ይጮኻል? ከአያቱ ጋር በስልክ ያወራል? በእረፍት ሰዓት ሳይናገርም ቢሆን ኳስ ይራገጣል? እንዲህ ከሆነ ቋንቋ እየሰበሰበ ነው። በአማርኛም ከቤት ውጭ አፉን ካልከፈተ ግን «መራጭ ዝምታ» የሚባል የጭንቀት ሕመም አለ፤ ሕክምና አለው፣ በመጠበቅ ግን አይሻልም። ከሁሉ በፊት የመስማት ምርመራ ይደረግለት፤ ቀላል ነው፣ አያምም።

እግረ መንገዴን አንድ ገጠመኝ። አንዲት አብራኝ የምትሠራ ነርስ አንዲትን የእኛ አገር ሕፃን «ቁርስ በልተሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ሕፃኗ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች፤ «አዎ» ማለቷ ነው። ነርሷ ትንፋሽ አጠራት ብላ የኦክስጅን መለኪያውን ጣቷ ላይ ሰካችባት። የእርስዎም ልጅ በየቀኑ «አዎ» እያለ አስተማሪዋ አልመለሰልኝም ብላ ይሆናል። ዓይኗን አለማየቱም በእኛ ዘንድ ለትልቅ ሰው አክብሮት መሆኑን ይንገሯት።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ግምገማ ማለት ልጁን «የአእምሮ ችግር አለበት» ብሎ መፈረጅ አይደለም። ግን ያልገባዎትን አይፈርሙ። ያለ እርስዎ ፈቃድ የመጀመሪያውን ግምገማ ሊያደርጉ አይችሉም፤ በተቻለ መጠንም በሚያውቀው ቋንቋ መደረግ አለበት፣ አለዚያ የሚለካው እንግሊዝኛ አለማወቁ ነው። ላው በኒኮልስ ላይ በሚባለው የ1974 ክርክር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንግሊዝኛ የማያውቁ ልጆችን ያለ እገዛ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ በቂ እንዳልሆነ ወስኗል። ስለዚህ በየትኛው የእንግሊዝኛ እገዛ ክፍል እንዳለ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያገኝ ይጠይቁ። ደግሞም በሚቀጥለው ዓመት ከልጆች ጋር ሲንጫጫ ሰምተው «አለቀ» እንዳይሉ፤ የጨዋታ እንግሊዝኛ በአንድ ሁለት ዓመት ይመጣል፣ የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ግን አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት ይወስዳል።

አማርኛውን ይተዉ? በፍጹም። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። መደመርን በአማርኛ የገባው ልጅ በእንግሊዝኛ ስሙን ብቻ ነው የሚማረው። እንግሊዝኛውን ከእርስዎና ከእኔ ይልቅ ከትምህርት ቤት ቢያገኘው ነው የሚሻለው፤ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ የዋለ ልጅ ማታ የሚፈታበት አፍ ያስፈልገዋል። የባለቤትዎ እህት በክፋት አላሉትም፣ ግን ተሳስተዋል።

ማስቀረቱን ግን ያቁሙ። የሚከብድዎት እዚህ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ባስቀሩት ቁጥር ሆዱ መውጫ በር አገኘ፤ በማግስቱ ሕመሙ ብሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ትኩሳት ወይም ትውከት ከሌለ ይሂድ። ከእንቅልፉ ሲነሳ «ሆድህን አመመህ?» ብለው አይጠይቁት፤ እሱ ካለ «እንደሚያምህ አውቃለሁ፣ ባስ ላይ እንወጣለን» ይበሉትና ስንብቱን ያሳጥሩት። ማታም «ትምህርት እንዴት ነበር?» ሲሉት «ደህና» ከማለት በቀር አይነግርዎትም። «ምሳ ላይ ከጎንህ ማን ተቀመጠ?» ቢሉት ስም ይነግርዎታል፤ ያ ስም ያለው ልጅ ቅዳሜ ቤት ይጠራ።

ለሕፃናት ሐኪሙ ሲደውሉ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለው ቀጠሮው ላይ ያስመዝግቡ፤ ክፍያ የለውም። የሁለት ሳምንት ቁርሱን፣ መጸዳጃ ቤት የሄደበትን ቀንና ሆዱን ያመመውን ሰዓት በደብተር ጽፈው ይውሰዱ። እንግሊዝኛው ቢሻሻልም እንኳ ልጁን እንዳያስተረጉሙት፤ ስለራሱ ሆድ ለሐኪም የሚተረጉም ልጅ ግማሹን ይደብቃል።